ሠዐለ እና ሰአለ፦ ተራራን መሣል ጸሎት የሚሆነው እንዴት ነው?

በውዳሴ ማርያም ውስጥ እየተደጋገመ የሚመጣ አንድ ልመና አለ፤ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ይላል፤ ቅድስት ሆይ፣ ለምኝልን ማለት ነው። የአብነት ተማሪ ይህን ልመና በንጉሡ «ሠ» እና በዓይኑ «ዐ» ቢጽፈው የኔታ ወዲያው ያስቆሙታል፤ በእነዚያ ፊደላት ሲጻፍ ትርጉሙ «ሥዕል ሣይልን» ወደ ማለት ይዞራልና። በግእዝ ሰአለ ለመነ፣ ጠየቀ ማለት ሲሆን ሠዐለ ደግሞ መልክን በቀለም አወጣ ማለት ነው። አማርኛ በአነጋገሩ ሁለቱን አይለይም፤ ለቁልቢ ገብርኤል ስለት የተሳለ ሰውና የቁልቢን ኮረብታ የሣለ ሰው በጆሮ የሚለያዩት በአንዲት «ተ» ብቻ ነው። ቃላቱ ከአንድ ሥር እንዳልበቀሉ ፊደላቸው ይመሰክራል። ቢሆንም የድምፁ መገጣጠም ለያዝነው ጉዳይ መግቢያ ይሆነኛል፤ ላብራራ የተነሣሁት ሠዓሊ በተራራ ፊት ተቀምጦ ሲሥል የሚሠራው ሥራ ከልመናና ከምስጋና ጋር የሚገናኝበትን መንገድ ነውና።

ስለ ሥዕል የሚጽፉ ሰዎች የመልክዐ ምድር ሥዕል ለተፈጥሮ የሚሰጥ መንፈሳዊ ምላሽ ነው ይላሉ። አባባሉ ያማረ ቢሆንም የእኛን አካባቢ ሰው ግራ ያጋባል። ሐረር መድኃኔ ዓለም እየተሳለመ ያደገ ሰው መንፈሳዊ ሥዕል ሲባል በዓይነ ልቡናው የሚመጣለት የቅዱሳን መልክ ነው፤ በጀጎል መስጊዶች አጠገብ ያደገ ሰው ደግሞ ሥዕልና አምልኮ አብረው ሲጠሩ ሲሰማ መጠንቀቁ አይቀርም። ታዲያ ቅዱስ የሌለበት፣ መስቀል የሌለበት፣ ጥቅስ ያልተጻፈበት፣ ድንጋይና ዛፍ ሰማይም ብቻ ያለበት ሸራ በምን መንገድ መንፈሳዊ ይባላል?

በመጀመሪያ መተው ያለብን መንፈሳዊነቱ በሥዕሉ ውስጥ ከተቀመጠ ምልክት ይመጣል የሚለውን ሐሳብ ነው። በብዙ ቤቶች ሳሎን ውስጥ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከሥሩ ሐይቅ፣ በሐይቁ ላይ ነጭ ወፎች ያሉበት ፖስተር ተሰቅሎ እናያለን፤ አንዳንዱ ከግርጌው ቃለ እግዚአብሔር ተጽፎበታል። ለቤተሰቡ ማረፊያ የሚሆን ነገርን የማቃለል ሐሳብ የለኝም፤ ቃሉም ቃል ነው። ነገር ግን ተራራው በሌላ ተራራ ቢተካ ከሥዕሉ ላይ አንዳች የሚጎድል ነገር የለም። ምላሽ የሚባለው ነገር ጠሪ ይፈልጋል፤ አንድ የተወሰነ ተራራ፣ በአንድ የተወሰነ ሰዓት፣ አንድን ሰው አስቁሞታል ማለት ነው። ሥዕሉን አይቶ «ይህ ሰው ቆሟል» ማለት ከተቻለ፣ መስቀል ባይኖርበትም፣ የምንነጋገርበት ነገር እዚያ አለ ብዬ አምናለሁ።

ስያሜው ራሱ ይረዳናል። መልክዐ ምድር ስንል የምድር መልክ ማለታችን ነው። የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን የሚያውቅ ሰው «መልክእ» የሚባለውን የምስጋና ድርሰት ያስታውሳል፤ መልክአ ኢየሱስ፣ መልክአ ማርያም እየተባለ የሚጠራው ይህ ድርሰት ከራስ ፀጉር ጀምሮ እስከ እግር ጥፍር ድረስ እያንዳንዱን የአካል ክፍል በየተራ «ሰላም» እያለ ያመሰግናል። የመልክእ ደራሲ ውበትን በጅምላ አወድሶ አያልፍም፤ ቅንድቡን፣ ጆሮውን፣ ክንዱን፣ ተረከዙን ለይቶ ይጠራል፤ አመስጋኝነቱ የሚታወቀውም አንዱንም ባለመዝለሉ ነው። የመልክዐ ምድር ሠዓሊን ሥራ በዚህ መንገድ ስናየው ግልጽ ይሆናል። ከሐረር በላይ ያለውን የሐኪም ጋራን የሚሥል ሰው ከሸንተረሩ ይነሣል፤ ወደ ባሕር ዛፉ ይወርዳል፤ የጫት እርከኖችን አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ድንጋዩ ጥላ የሚጥልበትን፣ ቀይ መንገድ ተራራውን የሚቆርጥበትን፣ የቤቶቹ ቆርቆሮ ፀሐይ የሚመልስበትን ቦታ ለይቶ ሰላም ይላል። ልዩነቱ ሰላምታው በቀለም መሆኑ ላይ ነው።

ይህን የሞከረ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚያገኘው ነገር ደስታ አይደለም፤ ሕፃን ሆኖ በጥላው ሥር ያደገበትን ተራራ እንደማያውቀው መረዳት ነው። እርሳስ ይዞ ከመቀመጡ በፊት ጋራው «ጋራ» ነበር፤ ከተቀመጠ በኋላ ግን የግራው ትከሻ ከቀኙ ዝቅ ማለቱን፣ ከሩቅ አረንጓዴ የሚመስለው ግማሹ ግራጫ መሆኑን፣ ጥላው ጥቁር ሳይሆን ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ መሆኑን ያያል። እጁ የለመደውን ሦስት ማዕዘን ተራራ ሊሥል ይፈልጋል፤ ዓይኑ ደግሞ እንደዚያ አይደለም ይለዋል። በዚህ ትግል ውስጥ ሠዓሊው «አውቃለሁ» የሚለውን ትቶ ያለውን እንዳለ መቀበል ይማራል። ትሕትና የሚባለው ይህ ነው፤ በብዙ ሃይማኖቶች ውስጥም የጸሎት መጀመሪያ ይህ ነው።

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ለዚህ ትምህርት ቤት ይሆናል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው የደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት አለ። ከዳገቱ ላይ ቆሞ ቁልቁል ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው ሸንተረሮቹ እየራቁ በሄዱ ቁጥር እየደበዘዙና ሰማያዊ እየመሰሉ ሲሄዱ ያያል። ተራሮቹ ሰማያዊ ሆነው አይደለም። በእኛና በሩቁ ተራራ መካከል ያለው አየር ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ አጭር ሞገድ ያለውን ሰማያዊውን ክፍል ከሌላው ይልቅ አብዝቶ ስለሚበትን፣ ከተራራው ወደ ዓይናችን በሚመጣው ብርሃን ላይ የአየሩ ሰማያዊነት ይደረብበታል፤ ርቀቱ ሲጨምር መደረቡም ይጨምራል። በበጋ የድሬዳዋ አቧራ ሲነሣ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል፤ የአቧራ ቅንጣት ከአየር ሞለኪውል እጅግ ስለሚተልቅ ሁሉንም ቀለም በአንድነት ይበትናል፤ አድማሱም ሰማያዊ መሆኑ ይቀርና የነጣ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ጉም ይመስላል። ክረምት ዝናሙ አየሩን ካጠበው በኋላ ግን ሩቁ ተራራ ቀርቦ ይታያል።

ይህን ዝርዝር ያመጣሁት ለፊዚክስ ትምህርት ብዬ አይደለም። ርቀትን የሚሥል ሠዓሊ በእርግጥ የሚሥለው አየርን ነው፤ የማይታይ ነገርን በሚታየው ላይ በሚተወው ምልክት ያሳያል። በግእዝ ነፋስ፣ ነፍስና መንፈስ የሚሉት ሦስት ቃላት ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ እነዚህ እንደ ሰአለና ሠዐለ በድምፅ ብቻ የተገጣጠሙ ሳይሆኑ በእውነት ዘመዳሞች ናቸው። «መንፈሳዊ» የሚለው ቃል እስትንፋስን በሆዱ ይዟል። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ኮንስታብል እ.ኤ.አ. በ1821 እና በ1822 ሃምስቴድ በሚባለው የለንደን ኮረብታ ላይ ሰማይን በተደጋጋሚ ሣለ፤ በብዙዎቹ ላይ መሬት የለም፤ ደመና ብቻ ነው። በወረቀቶቹ ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ይጽፍ ነበር። አንዳንዶች ይህን የአየር ጠባይ ምዝገባ አድርገው ያዩታል። እኔ ግን ሰማዩ ዳግመኛ እንደዚያ እንደማይሆን የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው እላለሁ።

ጉዳዩን ከማንም አስቀድመው በጽሑፍ ያሰቡበት ቻይናውያን ናቸው ማለት ይቻላል። በቻይንኛ የመልክዐ ምድር ሥዕል «ሻን ሹይ» ይባላል፤ ተራራና ውሃ ማለት ነው። ከ375 እስከ 443 እ.ኤ.አ. ገደማ የኖረው ዞንግ ቢንግ የቡድሃ እምነት ተከታይ የሆነ ምሁር ነበር፤ ዕድሜውን በተራሮች መካከል ሲዞር ከኖረ በኋላ እርጅናና ሕመም ከመንገድ ሲያስቀሩት የወጣባቸውን ተራሮች በክፍሉ ግድግዳ ላይ ሣላቸው፤ ተጋድሞም በዓይኑ ይጓዝባቸው ነበር። ስለ መልክዐ ምድር ሥዕል የጻፈው አጭር ጽሑፍ በዚህ ጉዳይ ላይ ከተጻፉት ሁሉ በጣም ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ነው። ከ600 ዓመት በኋላ የመጣው ጉዎ ሺ ደግሞ የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1072 በሐር ጨርቅ ላይ በቀለም ውሃ የሣለው የፀደይ መግቢያ ሥዕል ዛሬም በታይፔ ቤተ መዘክር ይገኛል። በዚያ ሥዕል ውስጥ ብዙው ቦታ አልተነካም፤ ባዶውን ሐር ዓይን ጉም አድርጎ ያነበዋል፤ ተራራውም ከዚያ ጉም ውስጥ እየተወለደ ያለ ይመስላል። ባዶ ቦታ ያልተሠራ ቦታ አለመሆኑን፣ የሚተነፍስ ቦታ መሆኑን ከቻይናውያን የተሻለ ያሳየ የለም።

የጉዎ ሺ ልጅ ስለ አባቱ የተወው ማስታወሻ ለእኛ ቅርብ ነው። አባቱ ሊሥል ባሰበ ቀን በብሩህ መስኮት አጠገብ ይቀመጣል፤ ጠረጴዛውን ያጸዳል፤ በግራና በቀኝ ዕጣን ያጤሳል፤ እጁን ይታጠባል፤ የቀለሙን ድንጋይ ያጥባል፤ ታላቅ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ይሆናል። ይህን ለሐረርና ለድሬዳዋ ሰው መተርጎም የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ከሶላት በፊት ዉዱእ የሚያደርግ፣ ሳይጾም ወደ ቅዳሴ የማይገባ፣ ቡና ሲያፈላ ረከቦቱን አቅርቦ ዕጣን የሚያጤስ ሕዝብ አንድ ነገር ከመደረጉ በፊት ሰውነትና ቦታ መሰናዳት እንዳለባቸው ያውቃል። እኛ ያላደረግነው ያንን ዝግጅት ወደ ብሩሽና ወደ ቀለም ማምጣትን ብቻ ነው።

በአውሮፓ ይኸው ጥያቄ ጠብ አስነሥቶ ነበር። ጀርመናዊው ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪክ እ.ኤ.አ. በ1808 በተራራ ጫፍ ላይ በጥዶች መካከል የቆመ መስቀል የሚታይበትን የመሠዊያ ሥዕል ለሕዝብ አሳየ። በቀጣዩ ዓመት መባቻ ራምዶር የሚባል ሐያሲ ተነሥቶ የተራራ ሥዕል ሾልኮ ወደ መሠዊያ ሊወጣ ነው ሲል አጥብቆ ተቃወመ። ተቃውሞው ከንቱ አልነበረም፤ መሠዊያ ላይ የሚቀመጠው የመዳንን ታሪክ የሚያስተምር ምስል ነው፤ ተራራ ምን ታሪክ አለው? የፍሪድሪክ መልስ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1810 በርሊን ላይ በታየው ሌላ ሥዕል ነው ብዬ እወስዳለሁ። ቁመቱ 110፣ ወርዱ 171 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ይህ ሸራ አንድ መነኩሴ በባሕር ዳር ቆሞ የሚያሳይ ነው። ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ቦታ ሰማይ ነው፤ ባሕሩ ጠባብ ጥቁር መስመር፣ መሬቱ የገረጣ አሸዋ፣ መነኩሴውም ከጣት የማይበልጥ ነው። በዚያ ዘመን ልማድ ሠዓሊ በሸራው ግራና ቀኝ ዛፍ ወይም ገደል አቁሞ ዓይንን ወደ መሐል ይመራ ነበር፤ ፍሪድሪክ ይህን ሁሉ አነሣ። በጨረር የተደረገ ምርመራ እንዳሳየውም በባሕሩ ላይ መጀመሪያ መርከቦች ነበሩ፤ በኋላ እርሱ ራሱ አጠፋቸው። ተመልካቹ የሚይዘው ነገር ሲያጣ ከመነኩሴው ጋር እንዲቆም ይገደዳል። በዚህ ሥዕል ውስጥ ጸሎት የሚነበብ ከሆነ የሚነበበው ከተቀነሰው ነገር ነው።

ይህ ስሜት በአውሮፓ ፈላስፎች ዘንድ ብዙ ተጽፎበታል፤ ኤድመንድ በርክ እ.ኤ.አ. በ1757፣ ካንት በ1790 ከውበት ለይተው የመረመሩት፣ መደነቅና መፍራት የተቀላቀሉበት ስሜት ነው። እነርሱ ለመለየት መጽሐፍ ያስፈለጋቸውን ነገር ግእዝ በአንድ ቃል ይዞታል፤ ግሩም። ዛሬ በአማርኛ ግሩም ስንል እጅግ ጥሩ ማለታችን ነው፤ በግእዝ ግን ግሩም የሚያስፈራ፣ የሚያንቀጠቅጥ ማለት ነው፤ ግርማም ከዚያው የወጣ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ለመረዳት ወደ ባሕር መውረድ አያስፈልገውም። የከተማዋ ወንዝ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ያቋርጠዋል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ግን ከደጋው የወረደው ጎርፍ ሰዎች ተኝተው ሳሉ ደርሶ ከ200 በላይ ነፍስ ወሰደ። ደቻቱን አሸዋና ግራር ብቻ አድርጎ የሚሥል ሰው ውሸት አልሣለም፤ ነገር ግን ያንን ሌሊት የሚያውቅ እጅ አሸዋውን ሲሥል ጸጥታው ሌላ ጸጥታ ይሆናል። ተፈጥሮን ሁልጊዜ የዋህ አድርጎ የሚሥል ሥዕል ለተፈጥሮ የተሰጠ ምላሽ ነው ብዬ ለመቀበል የምቸገረው ለዚህ ነው። መዝሙረኛው ዳዊትም ሲያመሰግን ለምለሙን መስክ ብቻ አልጠራም፤ ነጎድጓዱንና ጥልቁንም ጠርቷል።

ወደ ራሳችን ስንመለስ አንድ ግልጽ ነገር አለ። በዚህ አገር ምድር ሁልጊዜም ቅዱስ ስፍራ ነበረው፤ የተገለጠው ግን በእግር እንጂ በብሩሽ አልነበረም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ በእግሩ የሚወጣ ምእመን ዳገቱን በላቡ ይማረዋል። በሐረር ዩኔስኮ የመዘገባቸው 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ ስፍራዎች አሉ፤ በሐኪም ጋራ ላይ ያለው የአው ሐኪም ስፍራም ሰው ዱዓ ሊያደርግ የሚወጣበት ነው። ኦሮሞው በኢሬቻ እርጥብ ሣር ይዞ ወደ መልካና ወደ ቱሉ፣ ማለትም ወደ ውሃውና ወደ ተራራው ይሄዳል፤ ዋቃን ያመሰግናል። ሁሉም በእጃቸው ወይም በእግራቸው ለቦታው ምላሽ ሰጥተዋል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ግን ከቅዱሳኑ ኋላ ተራራ አልሣሉም ማለት ይቻላል፤ ዳራው ቢጫ፣ ቀይ ወይም አረንጓዴ ሆኖ በወጥ ቀለም ይቀባል፤ ሥዕሉ የሚሣለው ቅዱሱ ከምእመኑ ጋር ፊት ለፊት እንዲተያይ ነውና ሩቅ አገር አያስፈልገውም። ተፈጥሮ የገባችው በብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ በሚጠላለፈው ጌጥ ነው፤ ስሙም «ሐረግ» ነው።

በእስልምናም ወገን ያለው ነገር ብዙዎች ከሚያስቡት ይለያል። ነፍስ ያለውን ነገር ስለ መሣል ከባድ ማስጠንቀቂያ ያለበት ሐዲስ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ኑሮው በሥዕል የሆነ አንድ ሰው የነቢዩ ሙሐመድ የአጎት ልጅ የሆኑትን ኢብን ዐባስን በጠየቀ ጊዜ፣ የግድ የምትሥል ከሆነ ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ሣል ብለው እንደመለሱለት በዚያው ወግ ተላልፏል። የደማስቆው ታላቁ የኡመውያ መስጊድ ከ706 እስከ 715 እ.ኤ.አ. በኸሊፋ አል ወሊድ ሲሠራ ግድግዳው በወርቅማ ሞዛይክ ተሸፈነ፤ በዚያ ላይ ወንዝ፣ ታላላቅ ዛፎችና ቤቶች ይታያሉ፤ ሰውና እንስሳ ግን አንድም የለም። አንዳንዱ ጀነት ነው ይላል፤ አንዳንዱ በደማስቆ የሚያልፈው የባረዳ ወንዝ ነው ይላል። የትኛውም ቢሆን በእስልምና መጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ውስጥ መልክዐ ምድር በጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ ወጥቷል። በዐረብኛ «አያ» የሚለው ቃል የቁርኣን አንቀጽም በፍጥረት ውስጥ ያለ ምልክትም ማለት መሆኑን ለሚያስተውል ሰው ይህ ብዙ አያስደንቅም። ፍጡርን ማምለክ በሁለቱም እምነቶች የተከለከለ ነው፤ ይህ ጥንቃቄ ለሠዓሊውም ይጠቅመዋል። ተራራውን የሚሥለው ወደ ተራራው ሊሰግድ ሳይሆን ተራራው የሚጠቁመውን ሊሰማ ነው፤ ይህን የሚረሳ ሥዕል ውበቱን ራሱን ጣዖት ያደርገዋል።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ቀለሙ ራሱ ከዚህ አፈር ነው። ድሬዳዋ አጠገብ ባለ ገደል ላይ የሚገኘውን ፖርክ ኤፒክ የተባለ ዋሻ፣ ማለትም የጃርቱን ዋሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1929 ያገኙት ፈረንሳዊው ጀብደኛና ጸሐፊ ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ፣ እንዲሁም የኢየሱሳውያን ካህንና የጥንተ ሕይወት ተመራማሪ የነበሩት ቴያር ደ ሻርደን ናቸው። ከዚያ ዋሻ በቁፋሮ ከ4,000 በላይ የቀይ አፈር ድንጋይ ቁርጥራጮች ወጥተዋል፤ ክብደታቸው 40 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ዕድሜያቸውም 40,000 ዓመት ገደማ ነው፤ ብዙዎቹ ተፈጭተው፣ ተፍቀው ቀለም የወጣባቸው ናቸው። ለምን ይጠቀሙበት እንደነበር እያንዳንዱን መናገር ባይቻልም፣ ምድርን ፈጭቶ ቀለም ማድረግ በዚህ አገር የጥንት ጥንት ሥራ ነው። ከድሬዳዋ ደቡብ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የለጋ ኦዳ ዋሻ ግድግዳ ላይ ደግሞ፣ እጅግ ዘግይቶ በመጣ ዘመን፣ ከብቶችና ሰዎች የዱር እንስሳትም ተሥለዋል። ተራራ አልተሣለም። ተራራው ግድግዳው ነበረና። የሐረሪ ቤት ውስጥ ገብቶ በቀይ ቀለም የተቀባውን ነደባ፣ ማለትም ከፍ ተደርጎ የተሠራውን መቀመጫ፣ ያየ ሰው ያ ቀይ ከዚህ ምድር አለመራቁን ይረዳል።

በብሩሽም የመጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር የተወለደው ገብረ ክርስቶስ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ የነበሩ ካህን ልጅ ነው። በጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ተመለሰ፤ አዲስ አበባ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ አረፈ። ረቂቅ ሥዕልን ወደ ኢትዮጵያ በማምጣት ይታወቃል፤ ስለ አገሩ ተፈጥሮ የጻፈውንም ግጥም ብዙ ሰው በቃሉ ያውቀዋል። የእርሱን ሥራ የማነሣው የምንነጋገርበት ነገር ተራራን ተራራ አስመስሎ በመሣል ላይ ብቻ እንዳይታሰር ነው። አባት በብራና ላይ ሐረግ ሲስብ አይቶ ያደገ ልጅ በትልቅ ሸራ ላይ ቀይን ከጥቁር አጠገብ ሲያኖር፣ ቅርጹ ባይታወቅም፣ የሚሰማው ግለት ይኖራል። የመልክዐ ምድር መንፈስ ከመልክዐ ምድሩ ቅርጽ ውጭ በቀለም ብቻ ሊቆም ይችላል፤ ይህ ግን ከባድ መንገድ ነው፤ መጀመሪያ ሐኪም ጋራን በትክክል ሣሉ እላለሁ።

ሥዕል ለሚጠፋውም ምላሽ ይሰጣል። ሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ፣ ለገበሬው የጫትና የአትክልት መስኖ ሲሰጥ ኖሮ፣ ከየኮረብታው የሚታጠበውም አፈር እየሞላው ሄዶ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ደረቀ። በ2001 ዓ.ም. የሐይቁ ወለል በነበረው ሜዳ ዳር ተቀምጬ ንድፍ ሠርቼ ነበር፤ በውሃ ቀለም ልሠራው አስቤ ውሃውን ያመጣሁት በፕላስቲክ ጠርሙስ ከከተማ ነበር፤ በሐይቅ ውስጥ ቆሜ ከጠርሙስ ውሃ ማፍሰሴ እጄን ያዘው። ያን ቀን የሣልኩት የተሰነጠቀ ጭቃ፣ ከሩቅ የሚግጡ ላሞችና አንድ የቀረ የሸምበቆ መስመር ነው። ጥሩ ሥዕል አይደለም፤ ነገር ግን ከሠራኋቸው ሁሉ አብዝቼ የለመንኩበት እርሱ ነው።

ውሃው በቅርብ ዓመታት ተመልሷል። ባለፈው ጥቅምት ያንን ወረቀት ይዤ ሄጄ የተቀመጥኩበትን ድንጋይ ፈለግሁ፤ ድንጋዩ አልተገኘም፤ ውሃ ውስጥ ነው። ከፍ ብዬ ከአንድ ማሳ ዳር ተቀመጥኩ። ጠዋት ስለነበር ውሃው ከሰማዩ ይልቅ ጠቆር ያለ ነበር፤ መሐል ላይ ነፋስ ሲነካው ወደ ብር ይለወጣል፤ ወፎችም ነበሩ። አዲሱን ሥዕል የቀለምኩት ከሐይቁ በቀዳሁት ውሃ ነው፤ ደለል ስላለበት ሰማያዊው ሁሉ ትንሽ ቡናማ ሆነብኝ፤ ተውኩት። ከሰዓት በፊት ጨርሼ በወረቀቱ ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ነፋሱ የመጣበትን አቅጣጫ ጻፍኩ።